የራቢአ ሚስማሮች

«ሴትዮዋን ተያት፣ ድሮ ፈርማለች» ሲል ሰማችው። ራቢአ የሽሮ ድስቷን ልትጥድ ጎንበስ እንዳለች እጇ ባለበት ቀረ። ድምፁ የአብዶ ነው፤ የሟች ባሏ የየህያ ታናሽ ወንድም። ከሱብሂ ሶላት መልስ ከማድ ቤቷ ጀርባ የውሃ ሮቶው አጠገብ ቆሞ፣ ቡራዩ ካለችው ልጁ ከራያ ጋር በስልክ ያወራል። ቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም። «ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጥቶ ግቢውን ያያል። ከወደዱት ስምንት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት እፈርማለሁ፣ ለከባድ መኪና ማቆሚያ አስር ዓመት ነው የሚከራዩት። እሷን? እሷንማ አንቺ ጋ አመጣታለሁ። ሞግዚት አጣሁ ስትዪ አልነበር? አንድ ክፍል ትሰጫታለሽ፣ ልጆቹን ትይዝልሻለች፣ በቃ። ኧረ ምን ታውቃለች እሷ! ዕድሜ ልኳን ሽሮ ስታወጣ የኖረች» አለና ሳቀ። ሳቁ እንደ ወንድሙ ነው፣ ከጉሮሮ የሚወጣ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠላት።

ድስቱን ጣደችው። ምን ታድርግ፣ ሹፌር ቁርሱን ይፈልጋል። እያማሰለች አስታወሰች፦ ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው «ለመብራት ቆጣሪው ነው፣ አንቺ እንዳትንከራተቺ እኔ ልጨርስልሽ» ብሎ ሰነድ ማረጋገጫ ወሰዳት። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ጸሎት እንደሚደግም ሰው በጥድፊያ አነበነበችላት፤ «ውክልና» የምትለዋን ቃል ሰምታለች፣ የቆጣሪ ውክልና መስሏት ነው እንጂ። «ወደሽ ነው?» ስትባል «አዎ» አለች። ይኸው ቆጣሪው እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ይህ ሰው ከወራቤ በአንድ ሸሚዝ ሲመጣ ቅማሉን ያራገፈችለት እሷ ናት። የትምህርት ቤት ደብተር የገዛችለት፣ ሲያገባ የጆሮ ጉትቻዋን የሸጠችለት እሷ ናት። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ሲባል ትሰማ ነበር፤ ጥርሱ እንዲህ ስል ነው አላለችም ነበር። ውክልና እንደሚሻርም ታውቃለች፤ ግን ሰነድ ማረጋገጫ ደርሶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ተሽሮ እስኪመለስ ድረስ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ስምንት ሰዓት ካለፈ ደግሞ ግቢው የለም፣ ሽሮ ቤቱ የለም፣ ራቢአ የሚባል ሰው ሰበታ ላይ የለም።

ስለ ግቢው ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሰበታ መግቢያ ላይ፣ ከጅማ በሚመጣው አስፋልት ዳር፣ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሄድ መሬት ነው፤ በሩ አንድ ብቻ። ከባድ መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ አይግባ ከተባለ ወዲህ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌር ሁሉ የሚቆምበት ሲያጣ፣ ራቢአ የባሏን የእንጨት መጋዘን አስፈርሳ ሜዳውን ጠጠር አስደፋችበት። ለአንድ መኪና የቀኑ መቶ ሃምሳ ብር፣ ሽሮ ዘጠና፣ ሻይ አስራ አምስት፣ ገላ መታጠቢያ ሠላሳ። ሀብታም አላደረጋትም፣ ግን ልጇን ሲድራን አስተምራ ሱሉልታ ድራበታለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢውን የያዘችው በፊሽካም በወረቀትም አይደለም፤ በሚስማር ነው።

በሽሮ ቤቱ በር ግራ በኩል የጣውላ ግድግዳ አለ። ወደ ግቢው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሹፌር የራሱን ሚስማር ይዞ መጥቶ፣ በራሱ እጅ ይመታና የመኪናውን ቁልፍ ይሰቅልበታል። አንዱ ቀይ ጨርቅ ያስርበታል፣ አንዱ የጠርሙስ ክዳን ይቸነክርበታል፣ እንዳይሳሳት። ሹፌር ቁልፉን ለሚስቱም አይሰጥም፤ ለራቢአ ግን ሰቅሎ ይተኛል። ለምን ቢሉ፣ መኪናው በቆመበት ቦታ አይውልምና ነው። በቆሎ፣ ከሰልና ጣውላ የጫኑትን እሷ ከኋላ ታስገባቸዋለች፤ እስከ ማታ አይንቀሳቀሱማ። ቲማቲም፣ ሙዝና አቮካዶ የጫኑትን በሩ አፍ ላይ ታቆማለች፤ ቀን መግባት የሚፈቀድላቸው ፒካፕና ዳማሶች መጥተው ከላያቸው ገልብጠው ወደ ከተማ ይዘው እንዲሮጡ። መሃል ለመሃል አንድ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ትተዋለች፤ አስራ ስምንት መኪና ከሞላ አስራ ዘጠነኛውን አላህ ይስጥህ ብላ ታሰናብታለች። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ቁልፍ ከሚስማሩ አውርዳ ላልተኛው ሹፌር «ያቺን ትንሽ ሳብ አድርጋት» ትላለች፤ የተኛው ሲነሳ መኪናው ሌላ ቦታ ቆሞ ያገኘዋል፣ ማንም አይቆጣም። የተቀየመ ሹፌር ሚስማሩን ነቅሎ ይሄዳል፤ ሕጉ ይኸው ነው። በስድስት ዓመት የነቀሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰካራም ነበር፣ ሌላው ወደ ገላን ሥራ ቀይሮ ነው።

ይህን ሁሉ አብዶ አያውቅም። አብዶ የሚያውቀው ሐሙስ ሐሙስ የሚነግደውን ቲማቲም በዚያ ግቢ እንደሚያሳልፍና መኪናው ሁልጊዜ በሩ አፍ ላይ እንደሚቆም ብቻ ነው። የዘመድ ክብር ይመስለው ነበር መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ሰውየው ከች አለ። አንጸባራቂ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሷል፣ ካንገቱ ፊሽካ አንጠልጥሏል፣ በእጁ ቁጥር የተጻፈባቸው ፕላስቲክ ካርዶች ይዟል። ነገሩ እንዲህ ባይሆን ኖሮ እንዴት ያስቅ ነበር! ሆዱ ከሰደርያው አምልጦ ወጥቷል።

«እትዬ ራቢአ፣ ዛሬ አንቺ እረፊ» አላት። «ግቢውን እኔ አስተናብራለሁ። እንግዶች ይመጣሉ።»

«የምን እንግዳ?»

«የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ዝም ብለው አይተው ይሄዳሉ።»

ዓይኗን እያየ ነው ይህን ያለው። እውነቱን ነግሯት ቢሆን፣ «እንዲህ አስቤያለሁ፣ ተቸግሬ ነው» ብሎ ቢሆን፣ ትጮህ ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ ሽማግሌ ትጠራ ነበር፤ ምናልባትም በመጨረሻ ይቅር ትል ነበር። ውሸቱን ሲደግም ግን ውስጧ የነበረው ልቅሶ ደረቀ። «እሺ» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደጃፏ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ በስድስት ዓመት ጠዋት ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

የበቆሎ ሲኖዎች መጡ፤ ሁልጊዜም ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። አብዶ ፊሽካውን ነፋ፤ የመጀመሪያውን ሲኖ ከእነ ተሳቢው በሩ አፍ ላይ አቆመው። «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይወጣል! ፍትህ ነው!» ይላል ጮክ ብሎ። ራቢአ ከዱካዋ ብድግ ልትል ነበር። እግሯ በልማዱ ነው የተነሳው፤ አፏም «ኧረ እሱን ከኋላ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘጋችው። ሁለተኛው ሲኖ ጎኑ ቆመ። ሦስተኛው መጣ። መሃል ለመሃል ያለውን መተላለፊያም አስያዘው፤ ኮሚቴው ኪራዩን የሚቆርጠው ግቢው በሚይዘው መኪና ብዛት ነዋ! ሹፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ቁልፍ ሊሰቅሉ ወደ ግድግዳዋ ሲመጡ ደግሞ ጥሩምባ የነፉ ያህል ጮኸባቸው። «ቁልፍ በየኪሳችሁ! ቢጠፋ ተጠያቂው ማነው? አሁን ሥራችን ዘመናዊ ነው፤ ካርድ ያዙ!» ሹፌሮቹ ወደ ራቢአ አዩ። ራቢአ ትከሻዋን ነቀነቀች። ካርዳቸውን ተቀብለው ቁልፋቸውን ይዘው ተበተኑ፤ ሁለቱ በባጃጅ ዓለም ገና እህታቸው ቤት፣ አንዱ ወለቴ፣ ሌላው ጫቱን ይዞ የት እንደገባ አላህ ይወቀው። በሩን የዘጉት ሲኖዎች ቁልፍ እንዲህ ሆኖ ሰበታን ዞረ።

ያኔ ነው ነገሩ ፍንትው ብሎ የታያት። የሚሆነውን ሁሉ፣ በየሰዓቱ፣ እንደ ሽሮ አፈላል አየችው። ደስ አላት። ለምን እንዋሻለን፣ ደስ አላት።

አብዶ ላብ ላብ ብሎት አጠገቧ ደረሰ። «ሃያ ስድስት ይገባል አይደል? አንቺ አስራ ስምንት ብቻ ስታስገቢ መሬቱን እያባከንሽው ነበር እኮ» አላት።

«አንተ ታውቃለህ» አለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ከአዋሽ ዳር የሚመጡት የቲማቲም መኪኖች ደረሱ፤ ሁለት ኤፍኤስአሮች ናቸው። ከፊት ያለው የቦጂያ ነው፣ ከኋላው የአብዶ ጭነት። ግቢው ውስጥ የቀረው ክፍት ቦታ ከወደ ኋላ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በሲኖዎቹ መሃል የቀረችውን ቀጭን ክፍተት እያሻሹ ማለፍ ይጠይቃል፤ ከኋላቸው ደግሞ ክፍተቷ ላይ ሌላ ሲኖ ሊቆምባት ተራውን ይጠብቃል። ቦጂያ ሞኝ ሰው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። መኪናዋን ከወንድሙ ጋር በእኩሌታ የገዛት ናት፤ ቲማቲሙ ደግሞ ወንድሙ በመስኖ ያለማው፣ ሁለት መቶ ሳጥን፣ የሁለት ቤተሰብ የሦስት ወር ላብ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሲመጣ «ለቤቱ» ብሎ አንድ ፌስታል ቲማቲም ደጃፏ ላይ ሳያስቀምጥ ሽሮ በልቶ አያውቅም። የህያ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን መኪናውን አቁሞ ድንኳን የተከለላትም እሱ ነው።

«አከም ቡልቴ፣ ሀደ ሲድራ?» አላት በመስኮቱ፤ በልጇ ስም ነው የሚጠራት፣ የሲድራ እናት እያለ።

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና አደርክ ወይ ቦጂያ» አለች።

ወደ አብዶ ፊሽካ ተመለከተ፣ በሩ አፍ ላይ ወደቆሙት ተሳቢዎች ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እሷ ተመለከተ። «ከኋላ ልግባ?» አላት። አብዶን አይደለም የጠየቀው፤ እሷን ነው። «አትግባ፣ ውጭ ቁም» ብትለው ቦጂያ ውጭ ይቆማል። ቦጂያ ውጭ ከቆመ ደግሞ ከኋላው ያለው የአብዶ ሹፌር ይጠረጥርና እሱም ውጭ ይቆማል፤ ጭነታቸውን አስፋልት ዳር ገልብጠው ይሄዳሉ፤ አብዶም ሳይነካ፣ ሳቁን ይዞ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ይፈርማል። የሮቶው ሥር ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ገና አለ። ራሷን ነቀነቀችለት፣ ግባ ብላ። ቦጂያ ገባ። የአብዶ ጭነት ተከትሎት ገባ። ሲኖው ከኋላቸው ክፍተቷን ሞላት። አብዶ ካርድ ቁጥር ሃያ ስድስትን ሰጥቶ እጁን አጨበጨበ።

አራት ሰዓት ላይ ፒካፖቹ ከከተማ መጡ። ዘጠኝ ናቸው፣ የአትክልት ገበያ ነጋዴዎች የላኳቸው፤ ከእኩለ ቀን በፊት ጭነው ካልተመለሱ ገበያ የለም። አንዱ በሩ ላይ አፍንጫውን አስገባና ቆመ፣ ሌላው ከኋላው፣ ሌላው ከዚያ ኋላ፤ ጅራታቸው አስፋልቱን ያዘው። ታክሲዎች ጥሩምባ ነፉ፣ ባጃጆች በእግረኛ መንገድ ወጡ፣ ትራፊኩ መጥቶ «የማነው ይሄ ግቢ?» አለ። «የኔ ነው!» አለ አብዶ። ራቢአ ሻይ እየቀዳች ሰማችው። ትራፊኩ ሁለት ፒካፖችን ከሰሰ። የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ በዚያ ቀን ምን እንደነካት እንጃ፣ ጠጠሩን እንደ ምጣድ አግላዋለች፤ የቲማቲሙ መኪና ሸራ ሥር እጅ ማስገባት አይቻልም። አብዶ ለሲኖ ሹፌሮች ደወለ። የአንዱ ስልክ ዝግ ነው፣ አንዱ አያነሳም፣ አንዱ አንስቶ «ከሰዓት እመጣለሁ፣ ተኝቻለሁ» ብሎ ዘጋው። ያኔ ግራ ገብቶት ወደ ጣውላው ግድግዳ አየ። ሠላሳ ምናምን ሚስማር ባዶውን ቆሟል። ከዚያ ወደ ራቢአ አየ፣ የሆነ ነገር ሊል። ራቢአ ስኳር ስንት ይሁን ብላ አንዱን ፒካፕ ነጂ ጠየቀች።

ኮሚቴው በሰዓቱ ደረሰ፤ የሚገርመው እሱ ነው። ፊታቸው የደከመ አንድ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ፣ ሁለት ጸሐፊ ነገር፣ አንዲት ቢታንያ የምትባል የጥናት ባለሙያ። ከመኪናቸው ወርደው የመጨረሻዋን ሦስት መቶ ሜትር በእግራቸው መጡ፣ መንገድ የለማ! አብዶ ሰደርያውን እየጎተተ ተቀበላቸው። «አቅማችን ሃያ ስድስት መኪና ነው፣ በካርድ ነው የምንሠራው» እያለ ሲያስረዳ ከጀርባው ጥሩምባው ስለሚጮህ ግማሹ አይሰማም። ኃላፊው ግቢውን አላዩትም፤ ሲኖው በር ላይ ተገትሮ እንዴት ያዩታል። ቢታንያ ግን በጎን ሾልካ ገባችና ሁሉን አይታ፣ አቧራ ለብሳ፣ ሽሮ ቤት በር ላይ መጥታ ውሃ ጠየቀች። ጠዋት በታክሲ ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደፈጀባት፣ የቤት ኪራይ ሸሽታ ቡራዩ ገብታ አሁን ለታክሲ የምታወጣው ከኪራዩ እንደማያንስ አወራቻት። ራቢአ ውሃውን ሰጠቻት፣ ወንበርም ሰጠቻት። ደህና ልጅ ናት።

«እማማ፣ እኛ የምናጠናው» አለች ቢታንያ፣ «መኪናው ቀን ባለመግባቱ ከተማው ስንት አተረፈ፣ እዚህ በመቆሙ ደግሞ ማን ስንት ከሰረ የሚለውን ነው። ሌላ ቦታ ሁሉ ሄጃለሁ፤ ሹፌሮቹ ግን ሰበታ አንድ ግቢ አለ፣ ቲማቲም እዚያ በአንድ ሰዓት ተገልብጦ ይሄዳል፣ የሚበላሽ የለም ይሉኛል። ይሄ ግቢ አይደለም እንዴ?»

ራቢአ ውሃውን ጨመረችላት። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣውላው ግድግዳ ላከች፤ ቀዩን ጨርቅ፣ የጠርሙሱን ክዳን፣ በረድፍ የተመቱትን ሚስማሮች አየች። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አለች። እንዴት ያለች ብልህ ልጅ ናት! አንድ ቃል ነበር የቀረው። ራቢአ ብትናገር፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ በሩ አፍ፣ ስለ መሃሉ መተላለፊያ ብትነግራት፣ ልጅቷ ትጽፋለች፣ ኃላፊው ይሰማሉ፣ ግቢው ይመረጣል። ግቢው ከተመረጠ ደግሞ የሚፈርመው ወረቀቱን የያዘው ነው። ስድስት ዓመት የደከመችበትን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠየቃት፤ እሱንም አብዶ ሊበላው ነው።

«የልብስ መስቀያ ነው» አለች። «እኔ ሽሮ ነው የምሸጠው። ግቢውን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፣ ባለቤቱም እሱ ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

ቢታንያ ግድግዳውን አንዴ መልሳ አየችው። ከዚያ ብዕሯን ከደነችና አመስግና ወጣች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው አብዶን በሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ጥሩምባ መሃል፣ «ኦቦ አብዶ፣ ይሄ ግቢ ሳይሆን ወጥመድ ነው። አንድ መኪና ማስወጣት ያልቻለ ሰው አስር ዓመት ላከራየው? የአዋሽ መንገዱን ሜዳ እንይዛለን» አሉት። አብዶ ተከተላቸው፣ እጃቸውን ያዘ፣ ማለ፣ ለመነ። ፊሽካው ሆዱ ላይ ሲወዛወዝ አንዱ ፒካፕ ነጂ «አተርፍ ባይ አጉዳይ!» ብሎ ጮኸበትና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ራቢአም ሳቀች፤ ድምጿ እስኪሰማ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር እንዲህ ነው እንዴ የሚጣፍጠው አለች በልቧ።

የሲኖዎቹ ሹፌሮች እስኪለቃቀሙ ስምንት ተኩል ሆነ። ቦጂያ ግን እስከዚያ አልጠበቀም። ሸሚዙን አውልቆ፣ ሳጥኑን በትከሻው እየተሸከመ፣ ከግቢው መጨረሻ በሲኖዎቹ መሃል እየሾለከ እስከ አስፋልት ይመላለስ ጀመር። ጫኝና አውራጆቹ በሳጥን ሃያ አምስት ብር ሲጠይቁት ለሃምሳው ከፈለ፣ የቀረውን ራሱ ተሸከመ። ራቢአ ከዱካዋ ሆና ቆጠረችው፤ ሳትፈልግ ነው የቆጠረችው። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሦስት። በሠላሳ አራተኛው ጉልበቱ ከዳውና ሳጥኑ ጠጠሩ ላይ ተደፋ፤ ብድግ ብሎ አቧራውን እያራገፈ አንድ ባንድ ለቀመው። ውሃ ይዛ ልትሄድ ተነሳች። ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች። ጠዋት በኪሎ አርባ አምስት ይሸጥ የነበረው ቲማቲም ከሰዓት ሃያ ሆነ፣ የተላላጠውን ደግሞ በነፃም የሚወስደው አልነበረም። የአብዶ ጭነት ሁለት መቶ አርባ ሳጥን ነበር፤ ሁሉም ከሥሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ጠጠሩን አቀላው። የአብዶን ኪሳራ ስታይ የጠዋቱ ደስታዋ ተመለሰላት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አብዶ መጣ። ሰደርያውን አውልቆታል። በሩ ላይ ቆመ፣ አልተቀመጠም፤ ሰላምታም አልነበረም። ድሮ ከትምህርት ቤት ተባርሮ ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚቆመው፣ እዚሁ በር ላይ፣ እሷ ቀድማ እስክትናገር። አሁን ግን የሻይ ብርጭቆዎቿን ማጠብ ቀጠለች።

«ሰምተሽኝ ነበር፣ አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«ቆርቆሮ ነው።»

«ሜዳውን መረጡ። ካሁን በኋላ መኪና ሁሉ እዚያ ነው በግድ የሚቆመው፣ እዚህ የሚቆም ይቀጣል። እኔን ጎዳሽ፣ እሺ። አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?»

«አፈሩን እበላለሁ» አለች ራቢአ። «የኔ አፈር ነው። ነገ ጠዋት ሰነድ ማረጋገጫ ሄጄ ወረቀትህን እሽራለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አፈሬን እበላለሁ። ለራያ ሌላ ሞግዚት ፈልግላት።»

አብዶ ሰደርያውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ወጥቶ ሄደ። ራቢአ ከግቢው እስኪወጣ ጀርባውን አየችው። ይበለው። አላህ ይይለት። በዚያች ደቂቃ መኪና ቢቀር፣ ሽሮ ቤቱ ቢዘጋ፣ ጾሟን ብታድር ግድ አልነበራትም። ተነስታ ግድግዳዋን በእርጥብ ጨርቅ ልትወለውል ስትዞር ቦጂያ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። ሸሚዙን ለብሷል፣ ትከሻው ላይ ሳጥኑ የላጠው ቦታ በሸሚዙ ላይ ደም አሳይቷል። በእጁ ፒንሳ ይዟል።

«ቦጂያ፣ ና ተቀመጥ፣ ምሳ እንኳ አልበላህም» አለች፣ ወንበር እየሳበችለት።

አልተቀመጠም። ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የእሱ ሚስማር ከላይኛው ረድፍ ሁለተኛው ነው፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት። ፒንሳውን ጨከን አድርጎ ያዘው።

«ተው እንጂ» አለች። «አብዶ ነው ያደረገው። ፊሽካውን የነፋው እሱ፣ ቁልፍ በኪስ ያለው እሱ።»

«አብዶ አያውቅም» አለ ቦጂያ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አብዶ ምን ያውቃል፣ የሱቅ ሰው ነው። አንቺ ግን ታውቂያለሽ፣ ሀደ ሲድራ። ስለምታውቂ ነው አንቺን የጠየቅኩት። አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽልኝ።»

ስለ ሮቶው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ውክልናው፣ ስለ ሞግዚትነቱ ሁሉ ልትነግረው ፈለገች። ጠዋት ብትነግረው ኖሮ ቦጂያ ምን ያደርግ ነበር? ያውቅበታል፤ መኪናውን በሩ ላይ አጋድሞ ኮሚቴውን ያባርርላት ነበር፣ ሹፌሮቹን ሁሉ ሰብስቦ ማዘጋጃ ቤት ይሄድላት ነበር። አንድ ቃል ብትነግረው። ይህ በጭራሽ ትዝ አላላትም ነበር። ቀኑን ሙሉ የአብዶን ፊት ብቻ ነበር የምታየው።

ሚስማሩ ስድስት ዓመት ጣውላው ውስጥ ኖሯልና እየጮኸ ወጣ። ቦጂያ ክሩን ፈትቶ ሚስማሩን ኪሱ ከተተው፣ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ተወላት። «ነጋቲ» አለ፣ ደህና ሁኚ ማለቱ ነው፤ ሀደ ሲድራ የምትለዋን ግን አልጨመረባትም። የመኪናው ድምፅ አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አዳመጠች።

በሩን ልትዘጋ ስትወጣ ደፉ ላይ እግሯ የሆነ ነገር ነካ። ሐሙስ ነው፤ ፌስታሉ በቦታው ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ የተላላጠ ቲማቲም መሃል ደህና ደህናዎቹ ተመርጠው። አንስታ ደፉ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ቲማቲሙ እስካሁን ትኩስ ነው። «አብዶ፣ አላህ የእጅህን ይስጥህ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ግቢ ውስጥ። እንደገና ልትለው ሞከረች፤ ሁለተኛው አልወጣላትም።